ሰኞ የመጣው አፈር

ዋና የተማርኩት በሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሳቁብኝ፣ ፈቅጃለሁ። ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር የሚያስቅ ስላልሆነ ቢያንስ መግቢያው ላይ ትንሽ ብትስቁ ደስ ይለኛል። ለነገሩ ሐረር ተወልዶ ላደገ ሰው ዋና ምን ይሠራለታል? በልጅነቴ ሐሮማያ ሐይቅ ሲባል እሰማ ነበር። ለመዋኘት ዕድሜዬ ሲደርስ ሐይቁ ደርቆ ጠበቀኝ።

ስሜ ራምዚ ነው። ሐረር፣ አቦከር ሠፈር ውስጥ ትንሽ የፎቶ ስቱዲዮ አለችኝ፤ እንጀራዬ ሠርግ ማንሳት ነው። «ሙሽራው ቀና በል፣ ሙሽሪት ፈገግ» እያልኩ ከአሥር ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ልቤ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነበር። የጉንዳን ዓይን፣ የሸረሪት እግር፣ ቅጠል ሥር የተጣበቀች የቢራቢሮ እንቁላል፣ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ እብድ እሆናለሁ። በባለሙያው አጠራር ማክሮ ይባላል፤ በጣም ትንሹን ነገር በጣም ቀርቦ ማንሳት ነው። ሥራ በሌለኝ ቀን ከከተማው ውጭ ወዳለችው ድሬ ጠያራ ወርጄ ገበሬዎቹ ማሳ ውስጥ በሆዴ ተኝቼ እውል ነበር። መጀመሪያ ሰሞን የታመምኩ መስሏቸው ውኃ ያመጡልኝ ነበር፤ በኋላ ለመዱኝና በላዬ ላይ ተሻግረው ማለፍ ጀመሩ።

ባሕሩ የመጣው በሠርግ ነው። ጅቡቲ አንድ ሠርግ ላነሳ ሄጄ፣ የሙሽራው ወንድም ጠላቂ ኖሮ፣ «አንድ ሳምንት ቆይ፣ አስተምርሃለሁ» አለኝ። ፈራሁ፣ ግን ቆየሁ። በአምስተኛው ቀን አሸዋ ላይ ተንበርክኬ ትንፋሼን እያዳመጥኩ ሳለ ከጣቴ ጥፍር የማትበልጥ ቅርፊት የሌላት ቀንድ አውጣ አየሁ። ሰማያዊ ናት፤ ዳርዳሯን ብርቱካናማ ጥለት ዞሯታል። እንደዚያ ያለ ጥለት በሙሽራ ልብስ ላይ እንኳ አይቼ አላውቅም። ከውኃ ስወጣ እያለቀስኩ ነበር፤ ጭንብሉ አጠበበኝ ብዬ ዋሸኋቸው።

ከዚያ በኋላ ሰው አልሆንኩም። እንደኔ ያሉ ሰዎች የሚሰባሰቡበት አንድ ቡድን ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ። በየዓመቱ በሩቅ ምሥራቅ ወደምትገኝ አንዲት ደሴት እየሄዱ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረት ያነሳሉ፤ የሚሄዱትም በዝናብ ወቅት ነው። ሌላው ቱሪስት በዚያ ወቅት ይሸሻል፤ ውኃው ይደፈርሳል፣ ሩቅ አይታይም። ማክሮ ለሚያነሳ ሰው ግን ይህ ችግር አይደለም፤ የሚያነሳው ነገር ከአፍንጫው አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። እንዲያውም በዚያ ወቅት የሚበላ ስለሚበዛ ትናንሾቹ ከየጎሬያቸው ይወጣሉ። ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ የባሕር ፈረስ እንኳ አለች ተባልኩ። ለኔም ክረምት ሠርግ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ወቅት አልነበረም። ነሐሴ ላይ ለሦስት ሳምንት ለመሄድ ወሰንኩና ከአንድ ዓመት በላይ ተዘጋጀሁ። የስቱዲዮዬን ግድግዳ የደሴቲቱ ካርታ ሞላው። ስልኬ ላይ የዚያችን አገር ዝናብ በየሰዓቱ እከታተል ነበር። ደንበኞቼ «ዛሬ ይዘንባል ወይ?» ሲሉኝ የማላውቀውን አገር ዝናብ እነግራቸው ነበር።

አሁን ወደ ቤት ልግባ። ቤታችን ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከግንቡ በሮች አንዱ ከሆነው ከፈላና በር ብዙ የማይርቅ፣ ከአባቴ አያት የወረደ የድንጋይና የጭቃ ቤት ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ የምንኖርበት እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። እኛ ዘንድ እናት «አይ» ትባላለች፤ እኔም እዚህ እንደዚያው እጠራታለሁ። እርስ በርስ የምናወራው በሀረሪ ነው፤ ለእናንተ በአማርኛ ጽፌዋለሁ። አይ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ነበረች። ትልቁ ክፍል ውስጥ ነደባ የምንላቸው ምንጣፍ የለበሱ ከፍ ከፍ ያሉ መደቦች አሉ፤ የሷ ቦታ በስተቀኝ ያለው ነበር። ከበላዩ ግድግዳው ላይ በወጣትነቷ የሰፋቻቸው ሙዳዮች ተደርድረው ተሰቅለዋል።

የቤቱ ጣሪያ አፈር ነው። ወፋፍራም ወራጆች ተጋድመው፣ ርብራብ ተደርጎባቸው፣ ከላይ አፈር ተደልድሎ ይጠቀጠቃል። እንዲህ ያለ ጣሪያ እንደ ሕፃን ነው፤ ብቻውን አይተውም። በየዓመቱ ግንቦት ላይ አዲስ አፈር ይጨመርለታል፤ ክረምቱን ደግሞ ከየከባዱ ዝናብ በኋላ አንድ ሰው ወጥቶ የተሰነጠቀውን መጠቅጠቅ አለበት። አፈሩን ከድሬ ጠያራ በአህያ የሚያመጡት አባ ሙሳ ነበሩ። ከአባቴ ጋር ሠላሳ ዓመት አብረው ጣሪያ ጠቅጥቀዋል። አባቴ ካረፈ በኋላ ሥራው የኔ ሆነ።

ስህተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። ነሐሴን እኔ ከሌለሁ ጣሪያ ላይ ማን ይወጣል? አይ ልትወጣ ነው? ስለዚህ ጉዞውን ማቀድ በጀመርኩበት ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ጣሪያውን አንድ ጊዜ ዘግቼ ልገላገል ወሰንኩ። ላስቲክ ገዛሁ፣ ሲሚንቶ ገዛሁ፣ ሠራተኛ ቀጠርኩ። አባ ሙሳ እንደ ልማዳቸው አፈር ጭነው ሲመጡ ግቢው በከረጢት ተሞልቶ አገኙት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ ከረጢቱን በዱላቸው እየነኩ።

«ሲሚንቶ ነው አባ ሙሳ። ከሥር ላስቲክ ይነጠፋል፣ ከላይ በዚህ ይለሰናል። ከእንግዲህ እርስዎም በየዓመቱ አይደክሙም።»

«እኔ ደከመኝ ብዬሃለሁ?»

«አላሉም። ግን እኔ የከርሞ ክረምት መንገድ አለብኝ።»

ጣሪያውን ቀና ብለው አዩት። «አፈር ውኃ ይጠጣል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ይተፋዋል። አንተ አፉን ልትዘጋው ነው። ከገባ በየት ይወጣል?»

«አይገባማ! ለዚያ አይደል ሲሚንቶው?»

«ያ ኢልማ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ውኃ የማይገባበት ቤት እኔ አላየሁም።»

አይ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «አባ ሙሳ፣ ተወው» አለች ሳቅ ብላ። «ራምዚ ካሜራ ይዞ ባሕር ውስጥ የሚገባ ልጅ ነው። ውኃ የሚዘጋበትን እሱ ያውቃል።» ይህን ያለችው በኩራት ነበር። አባ ሙሳ አፈራቸውን እንደጫኑ ተመለሱ።

የመጀመሪያው ክረምት አንድ ጠብታ ሳያፈስ አለፈ። አባ ሙሳን ገበያ ሳገኛቸው «እህሳ?» እላቸዋለሁ፤ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ያልፋሉ። እኔ አሸነፍኩ ብዬ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ላይ አልጠራኋቸውም።

የነሐሴ በረራዬ እሁድ ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሦስት ቀን ሙሉ የወረደው ዝናብ ለአፍታ ቆም ባለበት፣ ሌንሴንና መብራቴን እየፈተንኩ ሳለ አይ ጠራችኝ።

«ራምዚ፣ ና እስቲ እይልኝ። እንጨቱ ላይ አንድ ነገር በቅሏል።»

ከነደባዋ በላይ ባለው ወራጅ ጎን፣ ርብራቡ ሥር፣ ነጫጭ ጥቃቅን እንጉዳዮች በቅለዋል። እያንዳንዳቸው ከክብሪት ራስ ያንሳሉ፤ ግንዳቸው ክር ነው፤ ባርኔጣቸው ብርሃን ያሳልፋል። አንዷ ጫፍ ላይ የውኃ ጠብታ ተንጠልጥላለች። በርጩማ አምጥቼ ወጣሁ። 

«አይ፣ ባትሪውን ያዢልኝ። ከኋላ በኩል። ትንሽ ወደ ግራ... እዚያው! እጅሽን አታንቀሳቅሺ።»

ክንዷን ወደ ላይ ዘርግታ ሩብ ሰዓት ያህል ቆመችልኝ። «ደከመሽ?» ስላት «ግድ የለም፣ አንሳ» ትላለች። ስጨርስ ወርጄ በስክሪኑ አሳየኋት።

«ሱብሃነላህ! ይሄ እኔ ራስጌ ያለው ነው?»

«እሱ ነው።»

«ባሕር ውስጥ ያሉትም እንዲህ ናቸው?»

«ከዚህም ያምራሉ አይ።»

ስክሪኑን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። «እንግዲያስ እውነትህን ነው፤ መሄድ አለብህ» አለችኝ። ከዚያ በርጩማው ላይ እኔን ተደግፋ ወጣችና ወራጁን በጣቷ ነካች፤ ጫን አደረገችው። ጣቷን አሸተተች።

«እርጥብ እርጥብ ይላል» አለች።

«ክረምት አይደል?»

«እሱስ ክረምት ነው» ብላ ወረደች።

እኔ ፎቶውን ቆርጬ አስተካክዬ ለቡድኑ ለመላክ ቸኩዬ ነበር። ላክሁት። ከየአገሩ አድናቆት ዘነበልኝ። «ይህን ቤትህ ውስጥ ያገኘህ ሰው ባሕር ውስጥ ምን ልታመጣ ነው?» አለኝ አንዱ። ማታ በደስታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በማግስቱ ረቡዕ አይ በፈላና በር ካለው ገበያ ድንች ይዛ ተመለሰች። ከሰዓት ከስቱዲዮ ስመለስ ፍራሿን ከነደባዋ አንስታ ማዶ ካለው መደብ ላይ አንጥፋዋለች።

«ምነው ቀየርሽ?»

«እዚያ ብርሃን ይሻለኛል። ቁርአን ስቀራ ዓይኔን እየደከመኝ ነው።»

አመንኳት። ለምን አላምናትም? «እሁድ አውሮፕላኑ በስንት ሰዓት ነው?» ብላ ግን ጠየቀችኝ። ሐሙስም ጠየቀችኝ፤ ዓርብ ጠዋትም። ልትለየኝ ስለሆነ ከፍቷት ነው ብዬ ነበር። «ሦስት ሳምንት እኮ ነው» እያልኩ አሾፍኩባት።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት ስመለስ ዝናቡ ቀኑን ጨለማ አድርጎት ነበር። የቀረኝ አንድ ሥራ ነበር፤ ካሜራው ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚቀመጥበትን ሣጥን መፈተን። ሣጥኑን የሚዘጋው አንድ ቀጭን የጎማ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ላይ አንዲት ፀጉር ብታርፍ ውኃ ይገባል፣ ካሜራው አለቀለት። ስለዚህ መጀመሪያ ካሜራው ሳይኖር፣ ውስጡ ደረቅ ሶፍት ወረቀት ተደርጎ፣ ሣጥኑ ግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ ይያዛል። ቀለበቱን ደጋግሜ ጠረግሁ፣ በአጉሊ መነጽር አየሁት፣ ዘጋሁት። ከግቢው ጥግ ከቆርቆሮ ጥላው ሥር ያለው በርሜል ውስጥ ሣጥኑን ነክሬ፣ በሁለት እጄ ታች ይዤ፣ አረፋ ይወጣ እንደሆነ ዓይኔን ሳልነቅል ቆምኩ። ስልኬ አጠገቤ ደቂቃ ይቆጥራል።

አሥር ደቂቃ ሲቀር አይ ከትልቁ ክፍል ተጣራች።

«ራምዚ!»

«አቤት!»

«አንድ ጊዜ ና እስቲ።»

«አሥር ደቂቃ ስጪኝ አይ! ውኃ ውስጥ ነው፣ ልለቀው አልችልም!»

«እሺ፣ ግድ የለም» አለች።

ይኸው ነው። ድምፁ ልክ እንደ ትላንቱ ነበር፤ አልፈራችም፣ አልቸኮለችም። እኔ ወደ በርሜሌ ተመለስኩ።

ጣሪያ ሲወርድ ድምፁ የምታስቡትን ያህል ትልቅ አይደለም። መጀመሪያ አንድ ደረቅ ስንጥቅ ተሰማ። ቀጥሎ መሬቱ በእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ቀና ስል በትልቁ ክፍል በር ቡናማ አቧራ እየተንደቀደቀ ዝናቡ ውስጥ ይወጣል። ስልኬ ላይ አምስት ደቂቃ ገደማ ይቀራል። ለምን ያን እንዳየሁ አላውቅም፤ ግን አይቼዋለሁ፣ አልረሳውም።

ጮህኩ። መጀመሪያ የደረሱት ጎረቤታችን አው ዩሱፍ ናቸው፤ አው ለታላቅ ሰው የምንሰጠው ማክበሪያ ነው። ጡረታ የወጡ ግንበኛ ስለነበሩ በሩ ላይ ቆመው አንድ ጊዜ አዩና ልገባ ስሮጥ ደረቴን ያዙኝ።

«አትገባም! የቀረውም ይወርዳል። ከላይ ነው የምናነሳው!»

«አይ አለች! ውስጥ አለች!»

«አውቃለሁ ልጄ። ከላይ ነው የምናነሳው።»

በአፍታ የሠፈሩ ወንድ ሁሉ ከግድግዳ ግድግዳ ተሻግሮ መጣ። የአፈር ጣሪያ ሲወርድ ይፈረፍራል፤ በእጅም በአካፋም ይዛቃል። የኛ ግን አልፈረፈረም። የኔ ሲሚንቶ እንደ ክዳን ሆኖ በትልልቅ ቁራጭ ነበር የወረደው። ከሥሩ ያ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ሥር በውኃ የከበደ አፈር። ዓመት ከምናምን በየስንጥቁ ገብቶ መውጫ ያጣ ውኃ ሁሉ እዚያ ነበር። ቁራጩን አሥር ሰው ይዞ ሊያነቃንቀው አልቻለም። በመዶሻ እንዳንመታው ከሥሩ ባለችው ላይ ይጫናል።

«ዝም በሉ!» አሉ አው ዩሱፍ ድንገት። ሁሉም ዝም አለ። ዝናቡ ብቻ ቀረ።

«ራምዚ» የሚል ቀጭን ድምፅ ከሥር መጣ።

«አለሁ አይ! አለሁ!» መሬት ላይ ተደፋሁ።

«ውጭ ነህ?»

«ውጭ ነኝ! እናወጣሻለን፣ አሁን እናወጣሻለን!»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ከአፍታ በኋላ «እንዳትገባ» አለችኝ። «እንጨቱ ይወድቃል። እንዳትገባ።»

ከሁለት ሰዓት በላይ ቆፈርን። ጥፍሬ ተነቀለ፤ ያኔ አልታወቀኝም። ሰው ሁሉ ተሰልፎ አፈሩን በሳፋ፣ በባልዲ፣ በነጠላ እየተቀባበለ ወደ መንገዱ ያወጣል። መጀመሪያ ስጠራት ትመልስልኝ ነበር። ቀጥሎ ለኔ ሳይሆን ለራሷ የምትናገር መሰለኝ፤ አው ዩሱፍ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙና «ሸሃዳዋን እያለች ነው» አሉ፤ ሙስሊም በሞት አፋፍ ላይ የሚለው የእምነት ቃል ነው።  ከዚያ በኋላ ስጠራት ዝም አለች።

ስናወጣት ትተነፍስ ነበር። መንገዳችን ጠባብ ነው፤ መኪና አይገባም። አንድ የተነቀለ መዝጊያ ላይ አድርገን በዝናቡ ተሸክመናት ሮጥን። ፈላና በር ስንደርስ፣ ከበሩ ውጭ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀን ሳለ፣ አው ዩሱፍ «ቁሙ» አሉ። አንገቷ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ብዙ ቆዩ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ከበሩ ሥር ዝናብ አያገኘንም ነበርና ፊቷን በነጠላ ጠረግሁላት።

ቅዳሜ ጠዋት ቀበርናት። የወጣችበት ቦታ ላይ አንዱ ጎረቤት የተጨፈለቀ ሙዳይ አግኝቶ አመጣልኝ። ውስጡ በወረቀት የተጠቀለለ ሐልዋ የሚባል ጣፋጭ ነበር፤ ለመንገዴ ያዘጋጀችው። ከግድግዳው ልታወርደው ነው ያ ወራጅ ሥር የገባችው ብዬ አስባለሁ። ሙዳዩ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ነበር፤ እጇ አይደርስም። እኔ ግን እደርስ ነበር።

ቀብር ውለን ስንመለስ ግቢው ጥግ ያለው በርሜል ትዝ አለኝ። ሣጥኑ እዚያው ውኃ ውስጥ ተቀምጧል። አወጣሁት፣ ከፈትኩት። ሶፍቱ ደረቅ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ውስጥ አድሮ አንድ ጠብታ አልገባበትም። እዚያው በርሜሉን ተደግፌ ኡኡ ብዬ አለቀስኩ፤ ከሞተች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት ያኔ ነው።

እሁድ አውሮፕላኑ ያለኔ ሄደ። ሰኞ የሐዘናችን ሦስተኛ ቀን ነበር። የአፎቻችን ሰዎች፣ ማለትም ሠርግና ሐዘን አብረን የምናሳልፍበት የሠፈር ማኅበር አባላት፣ መንገዱ ላይ በተተከለው ድንኳን ተቀምጠዋል። ረፋዱ ላይ የአህያ ኮቴ ተሰማ። አባ ሙሳ ሦስት አህያ አስከትለው ብቅ አሉ። ሁለቱ በላስቲክ የተሸፈነ ደረቅ አፈር፣ ሦስተኛዋ ሁለት ወፍራም የድጋፍ እንጨት ጭነዋል። ድንኳኑን ሲያዩ ቆሙ።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ ግራ እየገባቸው። «ራምዚ? አንተ አልሄድክም እንዴ?»

«አባ ሙሳ፣ ማን ጠራዎት?»

«እናትህ ናቸዋ! ሮብ ዕለት ገበያ አግኝተውኝ። 'ወራጁ በስብሷል፤ ብነካው ጣቴ ገባ' አሉኝ። ዛሬውኑ ልምጣ ብላቸው እምቢ አሉ። 'ልጄ አላወቀም። ካወቀ ይቀራል፤ ዓመት ሙሉ የደከመበት ነው። እሁድ ይሄዳል፣ አንተ ሰኞ ና፤ ሲሚንቶውን ሰብረህ አፈሬን መልስልኝ' አሉኝ። 'እስከዚያ እርስዎ ከሥሩ ይነሱ' አልኳቸው። 'ተነስቻለሁ' አሉኝ።» ወደ ግቢው አንገታቸውን አሰገጉ። «እሳቸውስ?»

 ግቢው ውስጥ ጣሪያ የሌለውን ክፍል አዩ። የአህያይቱን ማሰሪያ እንደያዙ ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ጥምጣማቸውን ፈተው ፊታቸውን ሸፈኑበት። «ሮብ ዕለት መምጣት ነበረብኝ» ይሉ ነበር ደጋግመው። «በግድም ቢሆን መምጣት ነበረብኝ።» እኔን አንድም ቃል አልወቀሱኝም።

ከሰዓት ሰው ቀለል ሲል አጠገባቸው ተቀምጬ ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው። ለምን እንዳሳየኋቸው አላውቅም፤ ምናልባት እንዲወቅሱኝ ፈልጌ ይሆናል። አባ ሙሳ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው ብዙ ተመለከቱት።

«ይሄ የሚበቅለው ያለቀ እንጨት ላይ ነው» አሉኝ። «መቼ አነሳኸው?»

«ማክሰኞ።»

«እንግዲያስ አይተኸዋል» አሉና ስልኩን መለሱልኝ።

እንግዲህ እናንተ ይህን ያነበባችሁ ሰዎች ምን እንድትሉኝ እንደምፈልግ እኔም አላውቅም። አታጽናኑኝ፤ ብዙ ሰው ሞክሯል። «ቀኗ ነው» ይሉኛል፤ ቀኗ መሆኑን እኔም አምናለሁ። ግን ከማንም በላይ ቀርቤ ያየሁት እኔ ነኝ። ክር የምታህለውን ግንድ አይቻለሁ፣ ጫፏ ላይ ያለችውን ጠብታ አይቻለሁ፣ ጠብታዋ ውስጥ የመስኮቱን ብርሃን አይቻለሁ። እንጨቱን አላየሁም። ያቺን ደሴት በተመለከተ ጥያቄ ብትጠይቁኝ ኖሮ ሁሉንም እመልስ ነበር። እናቴ ለምን ፍራሿን እንዳነሳች ግን ሁለተኛ አልጠየቅኋትም።

በሚቀጥለው ግንቦት እኔና አባ ሙሳ ቤቱን መልሰን ከደንነው። ያን ሰኞ የመጣውን አፈር ክረምቱን ሙሉ ጥግ ላይ ሸፍኜ አቆይቼው ነበር፤ ከሁሉ አስቀድመን የደለደልነው እሱን ነው። አሁን ከየዝናቡ በኋላ ወጥቼ እጠቀጥቃለሁ። የጎማ ቀለበቱም ሣጥኑም ቁም ሣጥን ውስጥ አሉ። ባሕሩን አልጠላሁትም። አንድ ቀን እሄድ ይሆናል፤ እሷ እንድሄድ ፈልጋ ነበርና። እስካሁን ግን እግሬ እምቢ ብሎኛል።

ከዚያ ሁሉ በፊት፣ የሞተችበት አርባ ቀን ሲደርስ፣ ዘመዶች ፎቶዋን ጠይቀውኝ ነበር። የከተማውን ሙሽራ ሁሉ ሳነሳ የኖርኩ ሰው፣ ከሦስት ዓመት ወዲህ የእናቴ አንድ ፎቶ አጣሁ። ፈልጌ ፈልጌ ስደክም ያን የእንጉዳይ ፎቶ ሳልቆርጠው በፊት የነበረውን ከፈትኩት። በግራ በኩል፣ ለቡድኑ ስልከው ቆርጬ የጣልኩት ጥግ ላይ፣ ቡናማ ብዥታ አለ። የሷ እጅ ነው። ቀለበቷ ይታያል፤ ባትሪው ይታያል። ሌንሱ ያነጣጠረው እንጉዳዩ ላይ ስለሆነ እጇ አልጠራም፤ ማጥራትም አይቻልም። አትሜ መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አንዳንድ ሰው ሲያየው ተንቀሳቅሳ ነው ይላል። አልተንቀሳቀሰችም። እጅሽን አታንቀሳቅሺ ብያት ነበር፤ አላንቀሳቀሰችም።